የጋሪ ተራ ይቅር ብዬ የደረሰብኝ

ዛሬ ጠዋት ዳንግላ መናኸሪያ አጠገብ፣ ጋሪ ፌርማታው ላይ የሆንኩትን ሰማችሁ? ካልሰማችሁ፣ ሌላ ሰው አጋኖ ሳይነግራችሁ እኔው ልናዘዝ።

ቀስ ብዬ ላስረዳ። ልማዴን ታውቃላችሁ።

እኛ ከተማ ጋሪ የሚጭነው በተራ ነው። ፊት የቆመው ሳይሞላ ኋላ ያለው ተሳፋሪ አይነካም። ፈረሱ ቢፈጥንም ቢንቀረፈፍም መምረጥ የለም።

ባለፈው ሳምንት ስለዚህ ነገር ፖስት አደረግሁ። "ተራ የውድድር ጠላት ነው። ደንበኛ ይምረጥ፤ የተሻለው ይጫን" አልኩ። የኢኮኖሚክስ መምህር ነኝና ግራፍም ጨመርኩበት። ላይኩ ጥሩ ነበር።

ያንኑ ትምህርት ከእኔ ጋር የምታስተምረው ሰብለ ኮሜንት ላይ ወረደችብኝ። "ሕግ የሌለው ገበያ ደካማውን ይበላል።"

"ያበረታዋል እንጂ!" አልኳት።

ሦስት ቀን ሙሉ ተመላለስን። ጓደኞቻችን እየተቧደኑ አጨበጨቡልን።

የረሳነው ነገር ቢኖር ባለጋሪዎቹም ፌስቡክ እንዳላቸው ነው።

ወጣቶቹ ፖስቴን ለማህበራቸው ሊቀመንበር አሳዩት። ትናንት ስብሰባ ጠሩኝና ቆሜ አስረዳሁ። ሰሌዳ ጠፍቶ ነው እንጂ ግራፉንም እስል ነበር። መጨረሻ ላይ "ነገ አንድ ቀን ያለ ተራ እንሞክር፤ አስራ አንድ ሰዓት ላይ ተሰብስበን እንወስናለን" ተባለ።

ከኋላ ጋሽ ጥሩነህ ተቀምጠዋል። ከማህበሩ በዕድሜ ትልቁ እሳቸው ናቸው። ፈረሳቸው ቦራ አርጅቷል። ተራ ከቀረ ማን ይሳፈርባቸዋል? የቤታቸው እንጀራ ደግሞ ያ ፈረስ ነው።

ዛሬ ጠዋት ዘገየሁ።

ቦርሳዬ ውስጥ የአስራ አንደኛ ክፍል ፈተና አለ። ሁለት ሰዓት ላይ ይጀመራል። የቀረኝ ሃያ ደቂቃ ነው፤ ትምህርት ቤቱ ያለው ከተማው ዳር።

ፌርማታው ላይ ጋሪዎቹ ጎን ለጎን ተደርድረዋል። ወጣቶቹ ይጣራሉ፣ ሰዉ ይመርጣል። ጋሽ ጥሩነህ ዳር ላይ ባዶ ጋሪያቸው ላይ ተቀምጠዋል። አይጣሩም።

ስደርስ ጫጫታው ቆመ።

"የሐሳቡ ባለቤት መጣ" አለ አንዱ። "እስቲ በተግባር ያሳየን።"

ደሳለኝ የሚባለው ወጣት ዳማ ፈረሱን ወደፊት ገፋ አደረገ። "ይግቡ መምህር፤ በአስር ደቂቃ አደርስዎታለሁ።"

ሁሉም እግሬን ያያል። እግሬን እንዲህ ሰው አይቶት አያውቅም።

ወደ ጋሽ ጥሩነህ ሄድኩና ጋሪያቸው ላይ ወጣሁ። እንዴት ያለሁ ደግ ሰው ነኝ ብዬ ልቤ ሞቅ አለ። ለአፍታ።

እሳቸው ግን ልጓሙን አልነኩም።

"መምህር፣ የያዝከው ምንድን ነው?"

"ፈተና ነው ጋሼ።"

"መቼ ነው?"

"ሁለት ሰዓት።"

"ቦራ እስከ ሁለት ሰዓት አያደርስህም። ታውቃለህ።"

"ግድ የለም፣ እርስዎ ይንዱ ብቻ።"

"እኔ ግድ አለኝ። ትናንት ሰው ፊት ቆመህ ተሳፋሪ የተሻለውን ይመርጣል አልክ። የተሻልኩት እኔ ነኝ?"

ሰዓቴን አየሁ። እናንተ ብትሆኑ ምን ትላላችሁ?

"አዝነህልኝ ከሆነ ውረድ ልጄ። እኔ የምጭነው ሰው ነው፤ ሐዘኔታ አልጭንም።"

ወረድኩ።

አንድ ሰው ሳቀ፤ ከዚያ ፌርማታው ሁሉ። አንገቴን ደፍቼ ደሳለኝ ጋሪ ላይ ስወጣ ማን ቀድሞኝ ተቀምጧል?

ሰብለ። የደካማው ጠበቃ።

"አንቺም?"

"ፈተና አለኝ" አለች፣ ፊቷን ወደ መንገዱ አዙራ።

እስከ ትምህርት ቤቱ በር ሁለት የኢኮኖሚ ንድፈ ሐሳብ ትከሻ ለትከሻ ተጣብቀው ተጓዙ። ዞሬ ሳይ ጋሽ ጥሩነህ አሁንም ባዶ ናቸው። ፈተናውን የጀመርኩት በሰዓቱ ነው።

አስራ አንድ ሰዓት ላይ ስብሰባው ሄድኩ። ሊቀመንበሩ ጋሽ ጥሩነህን ስንት ጊዜ እንደጫኑ ጠየቃቸው።

"አንዴ። ድንች። ድንች አይቸኩልም።"

ሳቅ ተነሳና መሃል ላይ ቀረ። እጄን አወጣሁ።

"አንተ ትናንት ተናግረሃል፣ መምህር" አለ ሊቀመንበሩ።

ጋሽ ጥሩነህ ተነሱ። "ተራው ይመለስ። ግን እኔ ፊት ስቆም የቸኮለ ሰው ከመጣ ቸኩያለሁ ይበለኝ፤ ለኋለኛው ጋሪ እለቅለታለሁ። ያልቸኮለውን እኔ እጭናለሁ።"

እጅ ይውጣ ተባለ። ወጣ። የደሳለኝም ጭምር።

ይህ መፍትሔ በእኔ ግራፍ ላይ የለም። በሰብለም ኮሜንት ውስጥ የለም።

ሰኞ ለአስራ አንደኛ ክፍል የምጀምረው ምዕራፍ "ዋጋና ውድድር" ነው። የጋሽ ጥሩነህ ልጅ እዚያው ክፍል ፊት ረድፍ ላይ ትቀመጣለች፤ ያልገባትን ሳትጠይቅ የምታልፍ ልጅ አይደለችም።

እስቲ ምከሩኝ፣ ከምን ልጀምር?