መዋኤ ዝገት ጉግሳ የሣር ማጨጃውን አቅንቶ መስኩን ከጎመን እንዳዳነ

በሺህ ዘጠኝ መቶ ሰባ አራት ዓመተ ምሕረት፣ በዘመነ ማርቆስ ወንጌላዊ፣ የሣር ማጨጃው በዛገ በሦስተኛው ዓመት፣ ሣርም ከክረምት በኋላ በነገሠ በሁለተኛው ወር፣ ኀያሉና ታጋሹ፣ ጉልበቱ ሲነሣ የሚያንቋቋው፣ ዝገትን ድል የነሣው ሥዩመ ሣር ጉግሳ የፈጸመውን ገድል፣ እኔ የዕቃ ቤት ኃላፊው ማሞ፣ አንዲት ካቻቢቴና ግማሽ ሞረድ በአደራ የተሰጠኝ፣ ካየሁት ሳልቀንስ፣ በሰማሁትም ላይ ጥቂት ብቻ ጨምሬ እጽፋለሁ።

ይህ ጉግሳ ከኦሎምፒያ ወደ ቦሌ ሲወርዱ በስተቀኝ ባለ ግቢ አትክልተኛ ነበረ፤ ግቢውም ቀድሞ የአንድ ባለጸጋ ቪላ ሆኖ፣ ትርፍ ቤት ሲወረስ ለቀበሌ ደርሶ፣ ቀበሌውም መዋዕለ ሕፃናት አድርጎት፣ አርባ ሦስት ሕፃናት በመስኩ ላይ ጫማቸውን አውልቀው ይፈነጩበት ነበር። ባለጸጋው ጥሎት የሄደው በእጅ የሚገፋ ማጨጃ ግን ኩሽኔታው ደርቆ፣ አምስቱ ጠምዛዛ ስለቶቹ ዝገት ለብሰው፣ በዕቃ ቤቴ ጥግ ተኝቶ ነበር። ጉግሳ ሣሩን በማጭድ ቢያጭደውም፣ ማጭድ የቆረጠው ሣር ጉቶው እግር ይወጋልና ሕፃናቱ ከበረንዳ መውረድ ተዉ።

ወእምዝ፣ ማክሰኞ ጥቅምት ሦስት ቀን፣ ከቀበሌው ሊቀ መንበር ከጓድ ነህምያ ዘንድ ትእዛዝ ወጣ። ጓድ ነህምያ ክፉ ሰው አይደለም፤ ፋይል ወዳጅ ነው። መምህርት ብርነሽ ጠመኔ የጠየቀችበትን ደብዳቤ ሦስት ጊዜ የመለሰ፣ ማኅተሙ ያልተሟላ ወረቀት ወረቀት እንጂ ደብዳቤ አይደለም ብሎ ሁላችንን ያስተማረ እርሱ ነው። አዋጁም፦ «ሣር አይበላም፤ ጎመን ይበላል። ልጆች የማይጫወቱበት መስክ ሥራ ፈት መሬት ነው። ስለዚህ ማጨጃው ለብረታ ብረት ይሰጥ፤ መስኩ ቅዳሜ ይታረስ» የሚል ነበር።

ይህ በተነበበ ጊዜ ብርነሽ በበረንዳው ላይ ቆማ እንዲህ ስትል አወጀች፦ «አርባ ሦስት ልጅ ይዤ ደግሞ ጎመን ልጠብቅ? ጋሽ ጉግሳ፣ ሊቀ መንበሩ ልጆቹ ሲጫወቱበት ካዩ ይተዉት ይሆናል፤ ያ ማጨጃ እንደምንም ይነሣ።» ጉግሳም ባርኔጣውን አውልቆ፦ «አሥራ ስምንት ዓመት ውኃ ያጠጣሁት ሣር ነው። ጎመን ከተተከለበት እኔም አብሬ ልተከል» ሲል አወጀ።

በዚህ ጊዜ ስህተት ሆነ፤ ስህተቱም የእኔ ነው። «ቢላ ካልቆረጠ ይሳላል» ብዬ አወጅሁና ግማሹን ሞረድ አውጥቼ ሰጠሁ፤ ጉግሳም ቀኑን ሙሉ አምስቱን ስለት ሲሞርድ ውሎ ማጨጃውን ቢገፋው፣ ሣሩ እንደ ደጅ ጠኚ ጎንበስ ብሎ አሳለፈውና ተመልሶ ቀና አለ። ጉግሳም ሞረዱን በጨርቅ ጠርጎ መለሰልኝ፤ እሱ ነው ይበልጥ ያሳፈረኝ።

በነጋታው ጉግሳ ዘመተ። ማጨጃውን እየገፋ፣ አስፋልቱን እያንኳኳ በቦሌ ሚካኤል ወዳለው ብረት ቀጥቃጭ ሲወርድ የተከተሉት እነዚህ ናቸው፦ እኔ ማሞ ካቻቢቴዬን ይዤ፤ የግቢው ውሻ ቡችሌ፤ መንገድ እስኪለየን ድረስ ሁለት ሎሚ ሻጮች፤ ደግሞም ዋጋው ስንት ነው ብለው የመጡ፣ አይሸጥም ሲባሉ የተመለሱ ሦስት ሰዎች። ብረት ቀጥቃጩ ማጨጃውን ገልብጦ አየና «ሁለት ጥሩ የከሰል ማንደጃ ይወጣዋል፤ ዛሬውኑ ልጀምርላችሁ» ሲል አወጀ። ጉግሳ ማጨጃውን አቅፎ ወጣ።

በጎረቤቱ ደጃፍ ግን ልብስ ሰፊው አብዱልገኒ፣ የወሎ ሰው፣ ከስፌት መኪናው ተነሥቶ፣ ስለቱን በአውራ ጣቱ ዳስሶ፣ መቀሱን ከፈት ዘጋ እያደረገ ይህን አዋጅ ተናገረ፦ «ጋሼ፣ ይሄ እኮ መቀስ ነው። የላዩን ብቻ ቢስሉት ምን ያደርጋል? ከሥር የተጋደመው ቢላ ርቆታል። መቀስ ካልተገናኘ ጨርቅ ያኝካል፤ ከተጣበቀም እጅ ይገድላል። ለአመል ያህል ይነካኩ። ስስ ወረቀት ከቆረጠልዎት በቃ፣ ደርሷል።»

ሐሙስና ዓርብ የብሎን ጦርነት ሆነ። ጉግሳ ኩሽኔታውን በላምባ አጠበ፣ ግራሶ ቀባ፤ ደቃቅ አሸዋ ከዘይት ለውሶ ስለቶቹን ወደ ኋላ እያሽከረከረ ከሥረኛው ቢላ ጋር አፋጨ፤ የእኔን ሞረድ ጥፋትም በዚያው ፋቀው። ከዚያም የግራና የቀኙን ብሎን ሩብ ሩብ ዙር እያጠበቀ፣ ቀኙ ሲስማማ ግራው እያኮረፈ፣ በየሩብ ዙሩ ወረቀት አገባ፤ አንዱ ታጠፈ፣ አንዱ ተቦጨቀ፣ አሮጌ ጋዜጣ አለቀ፣ የስኳር ከረጢት አለቀ። ዓርብ ከሰዓት በኋላ የመጨረሻዋ ቁራጭ ከዳር እስከ ዳር ጥርት ብላ ተቆረጠች። በግቢው ወረቀት የሚባል አልቀረም።

ቅዳሜ፣ በሥላሴ ዕለት፣ ፀሐይ ሳትበረታ ጉግሳ መስኩን ከአጥር እስከ በረንዳ አስተካክሎ አጨደው፤ ሕፃናቱም ጫማቸውን አውልቀው ወረዱ። ጓድ ነህምያ ሁለት ባለ ዶማ አስከትሎ መጣ፤ መስኩን አየ፣ ልጆቹን አየና አወጀ፦ «ደስ ይላል። ግን ውሳኔ ውሳኔ ነው። መጀመሪያ ማጨጃውን እንረከብ፤ ንብረት ደግሞ ሳይፈተን አይመዘገብም፤ ይፈተን።» ጉግሳ ፈተናው በወረቀት እንደሆነ፣ ወረቀትም እንዳለቀ አስታወቀ። ጓድ ነህምያ ሰዓቱን እያየ ከፋይሉ አንዱን መዝዞ ሰጠው፤ ጉግሳም አስገብቶ ስለቱን በእጁ አዞረ፤ ወረቀቱ ለሁለት ተከፍሎ ሣሩ ላይ ወደቀ።

ብርነሽ ጎንበስ ብላ አነሣችው። በአንደኛው ቁራጭ «መስኩ»፣ በሌላኛው «ይታረስ» የሚል ነበር፤ ክቡ ማኅተምም ግማሹ በግራ እጇ፣ ግማሹ በቀኝ እጇ ቀረ። ያኔ ጠመኔ ሦስት ጊዜ የተከለከለችው ሴት በለሰለሰ ድምፅ አወጀች፦ «ጓድ ሊቀ መንበር፣ ማኅተሙ አልተሟላም።»

ጓድ ነህምያ ቁራጮቹን ገጣጥሞ አየ፤ ሕጉ የራሱ ነውና ወዴት ይሂድ? «አልተሟላም» አለ። «ጸሐፊዋ ከመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ስትመለስ እንደገና ይጻፍ።» በመዝገቡም ላይ «ማጨጃ፣ አንድ፣ ይሠራል» ብሎ ጻፈ፤ ባለ ዶማዎቹም ተመለሱ። ጸሐፊዋ በዘመተችበት አገር አግብታ ቀረች፤ ትዳሯን ይባርክላት።

እነሆ፣ መዋኤ ዝገት ዘእምነገደ ቦሌ፣ ጓዶች ይህን ማዕረግ አይስሙብን፣ ብሎንን በሩብ ዙር ያስታረቀ፣ የልብስ ሰፊ ምክር ለመስማት ያልኮራ፣ አላዋቂ መካሪውንም ይቅር ያለ ጉግሳ፣ ሣር በበቀለበት ሁሉ ስሙ ይትባረክ፤ እጁ ከግራሶ፣ ጉልበቱም ከቁርጥማት ይዳን። ይህ ውዳሴ ማኅተም ጎደለው የሚል ቢኖር ሰኞ ጠዋት ከመስኩ ዳር ይቁም፤ ሰማንያ ስድስት ባዶ እግሮች ጤዛው ላይ ሲያትሙበት ያያል።