በገዛ እጃችን መጨረሻ የወጣንበት ደረጃ

እኔ የስም ዝርዝር ሲነበብ እንቅልፍ እንቅልፍ ይለኛል። ከልጅነቴ ጀምሮ እንዲህ ነኝ። ሰኔ ላይ መምህራችን ከአንደኛ እስከ መጨረሻ እየጠሩ ካርድ ሲያድሉ፣ በመስኮት የሚያልፈውን ደመና እያየሁ የራሴን ስም ሳልሰማ ያልፈኝ ነበር። ጎረቤቴ በክርኑ ጎሸም ሲያደርገኝ ነው የምነቃው። እናንተም ሳታውቁት አትቀሩም፤ ደረጃ ለሚጠባበቀው ሰው ጭንቅ ነው፣ ለማይመለከተው ሰው ግን እሹሩሩ ነው።

ስለዚህ በክረምት፣ ጭጋጉ ከተራራው ወርዶ ጎንደርን ከነግንቧ ሲሸፍናትና ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ፣ ጋቢዬን ተከናንቤ የምወደው ነገር ቢኖር የዓለምን የቢዝነስ ትምህርት ቤቶች ደረጃ በስልኬ ማንበብ ነው። አትሳቁ። እነዚህ ትምህርት ቤቶች በየጊዜው ይመዘናሉ። ማስተርሱን ይዞ የወጣ ሰው ደመወዙ ስንት እጥፍ አደገ፣ ሥራ እስኪያገኝ ስንት ወር ፈጀበት፣ መምህራኑ ምን ያህል ጥናት ጻፉ፣ ተማሪው ከስንት አገር መጣ፤ ይህ ሁሉ ተደምሮ ተካፍሎ አንዱ አራተኛ፣ ሌላው አምስተኛ ይባላል። በአራተኛውና በአምስተኛው መካከል ምን እንዳለ ግን የሚነግራችሁ የለም። እኔ እዚያ መካከል ላይ ስደርስ ነው እንቅልፍ የሚወስደኝ። ሣር የለበሰ ግቢ ይታየኛል፤ ማንም የማይቸኩልበት፣ ደወል የማይደወልበት፣ ሰው ሁሉ መጽሐፍ ደረቱ ላይ አድርጎ የተኛበት።

በእኛ ከተማ ደግሞ መመዘን አያስፈልግም። ከፒያሳ እስከ አዘዞ ባለው መንገድ ግራና ቀኙን ብታዩ፣ የተሰቀለው የኮሌጅ ማስታወቂያ ሁሉ “ቀዳሚ” ነው። ሁለተኛ ነኝ የሚል አንድም አላጋጠመኝም። ሁሉም ቀድሞ ማን እንደተከተለ እንጃ።

እኔም ከእነዚህ ከቀዳሚዎቹ ባንዱ ነው የተማርሁት። ዋናው ግቢ አዲስ አበባ ነው፤ የጎንደሩ ቅርንጫፍ ከታቹ የቆርቆሮና የሚስማር ሱቅ ያለበት ፎቅ ላይ ነው። ስለ ስትራቴጂ ስንማር ከታች ቆርቆሮ ይቆረጣል። ቢሆንም ተምሬ ወጣሁ። በዱቄት ፋብሪካችን የመጋዘን ኃላፊ የነበርሁት ሰው ምክትል ሥራ አስኪያጅ ሆንሁ። ይህን ለእናንተ ስናገር እንኳ ድምፄን ዝቅ አድርጌ ነው፤ ለምን እንደሆነ ቆይቶ ይገባችኋል።

የባለቤቴ ታናሽ እህት እናትነሽም እዚያው ቅርንጫፍ ገባች። አዲ አርቃይ በአንድ የንብ አርቢዎች ማኅበር ትሠራለች። በየሁለት ሳምንቱ፣ መንገዱ በፈቀደ ጊዜ፣ አርብ ማለዳ ከዚያ ከቆላው ተነሥታ፣ ሊማሊሞን ወጥታ፣ ደባርቅ ላይ ብርድ ቀምሳ፣ ማታ እኛ ቤት ትገባለች። ቅዳሜና እሑድ ተምራ ሰኞ ትመለሳለች። ሁለት ዓመት እንዲህ ስትመላለስ አንድ ቀን ደከመኝ ስትል አልሰማኋትም። ትምህርቱን ጨርሳ የቀራት የመመረቂያ ጽሑፏን ነሐሴ ላይ አቅርባ መከላከል ብቻ ነበር። ጽሑፉ ስለ ወረዳው የማር ምርት ነው።

ደረጃው የመጣብን ይኼኔ ነው። በአገሪቱ ያሉ የድኅረ ምረቃ ቢዝነስ ትምህርት ቤቶች ሊወዳደሩ ነው ተባለ፤ ቅርንጫፎቹም ለየብቻ። ዋናው ግቢ ደግሞ መጨረሻ የወጣውን ቅርንጫፍ እዘጋለሁ፣ ተማሪዎቹ አዲስ አበባ መጥተው ይጨርሱ አለ። እናትነሽ አዲስ አበባ መሄድ አትችልም። እናቷ፣ የእኔም አማት፣ እዚያው አዲ አርቃይ ከአልጋ ከዋሉ ሰንብተዋል፤ ለሁለት ሦስት ቀን ጎረቤት ቢያይላቸው እንጂ ካለ እሷ አስታማሚ የላቸውም። ቅርንጫፉ ከተዘጋ የሁለት ዓመት ድካሟ ሊማሊሞ ላይ ቀረ ማለት ነው።

ለውድድሩ ከሚሞሉት ፎርሞች አንዱ የእኛ የምሩቃኑ ነበር። በየስልካችን መጣልን። ሞላን። ጉዱም እዚህ ላይ ነው።

በእኛ አገር ሰው ያለውን አይቆጥርም፤ ቢቆጥርም አይናገርም። ገበሬውን ከብትህ ስንት ነው ብትሉት “አለች አንዲት” ይላችኋል፤ ከኋላው በረቱ እምቧ እያለ። ሕፃን ወፈረ ያለ ሰው እንትፍ ሳይል አይለቀቅም። የሰው ዓይን አለ፤ ቁጥር ደግሞ ዓይን ይጠራል። እኔ እንኳ ቡዳ የሚባል ነገር የለም እያልሁ ለፋብሪካው ሠራተኞች ሳስረዳ የኖርሁ ሰው ነኝ። ግን ፎርሙን ስከፍተው “ከተመረቁ በኋላ ደመወዝዎ ምን ያህል አደገ?” ይላል። አንድ የማላውቀው ሰው አዲስ አበባ ተቀምጦ የእኔን ደመወዝ ሲያይ ታየኝ። ዓይኑም ታየኝ። ጣቴ ሳላዘው “ለውጥ የለም” የሚለው ላይ አረፈ።

ቀጥሎ “በትምህርቱ ምን ያህል ረክተዋል?” ይላል፤ ከዐሥር። ደስ ብሎኛል ብሎ መንቀባረር ነውር መሰለኝና አምስት ሰጠሁ። “ለዘመድ ወዳጅዎ ይመክራሉ?” ይላል። የሰው ልጅ መክሬ ቢበላሽብኝ ማን ሊጠየቅ ነው? “አልመክርም” አልሁ። ልኬው ስጨርስ ጨዋ ሰው የመሆን ስሜት ተሰማኝ።

ለካ ሁላችንም እንዲሁ ተሰምቶን ነበር።

ውጤቱ ሲመጣ የቅርንጫፉ አስተባባሪ ዶክተር ደሳለው አንድ ቅዳሜ ምሩቃኑንም ተማሪዎቹንም ሰበሰበን። የእንፍራንዝ ልጅ ነው፤ ቁመናው ቀጥ ያለ፣ ሲናገር የማይቸኩል ወጣት። ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበበው። “ከምሩቃኖቻችን መካከል፣” አለ፣ “ኑሮው የተሻሻለ አንድም ሰው አልተገኘም።” በመስኮቱ ወደ ታች የቆሙትን መኪኖቻችንን አየ። ከዚያ እኛን አየን። መጨረሻ ወጥተናል፤ በሰፊ ልዩነት።

እናትነሽ ከኋላ ተቀምጣ ነበር። አላለቀሰችም። “ምነው፣ ሁላችሁም እንዲህ ነው የጻፋችሁት?” አለች ብቻ። እኔ ጫማዬን አየሁ። እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም።

የቅሬታ ጊዜ ዐሥር ቀን ተሰጠን፤ የፈለገ ምሩቅ ፎርሙን ከልሶ መሙላት ይችላል። ምሩቃኑን አሳምናለሁ ብዬ ኃላፊነቱን ወሰድሁ። በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ጋደም ብዬ ስለዚሁ ሳስብ እንቅልፍ ሸለብ አደረገኝና፣ የዓለም ትምህርት ቤቶች በየደረጃቸው ድግስ ላይ ተቀምጠው አየሁ። ትልልቆቹ ከላይ፣ ወፍራም ምንጣፍ ላይ። የእኛ ቅርንጫፍ በሩ አጠገብ ነጠላዋን ተከናንባ ተቀምጣለች፤ ከታቿ ቆርቆሮ ይቆረጣል። የዚህን ያህል ድሃ አይደለችም ብዬ ልጮኽ ተነሣሁ። አሳላፊው ወደ እኔ ዞሮ “ኑሮ እንዴት ነው?” አለኝ። “ተመስገን፣ እንዳለ ነው” አልሁት። በሕልሜም።

ምሩቃኑ አንድ በአንድ ተስማሙልኝ። ያስቸገረኝ አያ ፈንታሁን ነው። የሳንጃ የሰሊጥ ነጋዴ ነው፤ ፀጉሩ ከሸበተ በኋላ አብሮኝ የተማረ። ለጉዳይ ጎንደር ሲመጣ ጠብቄ አንድ ሻይ ቤት ይዤው ገባሁ።

“አያ ፈንታሁን፣ ሥራ እንዴት ነው?”

“ተመስገን። እየተንፏቀቅን ነው።”

“አዲሱ የጭነት መኪናስ?”

ሻዩን አማሰለ። “የቱ መኪና?”

መኪናው ከሻይ ቤቱ ፊት ለፊት ቆሟል፤ የወንበሩ ላስቲክ ገና አልተነሣም። ነገሩን በግልጽ ነገርሁት፤ በአንተና በእኔ ጨዋነት የተነሣ ያቺ ስብሰባው ላይ የጠየቀችን የእናትነሽ ትምህርት ሊቀር ነው አልሁት።

ማንኪያውን አስቀመጠ። “ሸጋ ልጅ ናት። የኔን ልጅ ነው የምትመስለኝ” አለ። “እንግዲህ እንዲህ እናርግ። ቁጥር ከኔ አፍ አይወጣም። አንተ ጥራ። ከተሳሳትህ እስላለሁ።”

ስልኩን ተቀብዬ ከፈትሁ። “ገቢህ ሁለት እጥፍ ሆኗል?” አልሁ። ሳለ። “ሦስት?” ሳለ። “አራት?” ስለው ሳሉ ስለበረታ የሻይ ቤቱ ባለቤት ደንግጣ ውኃ ይዛ መጣች። አምስት ስል ሳይስል ወደ ጣራው አየ። ሞላሁት። “እንትፍ በል” አለኝ። አልሁ።

ቅርንጫፋችን ከመጨረሻ ተነሣ። ስንተኛ ላይ እንደደረሰ አልነግራችሁም። መዝጋቱ ግን ቀረ።

ነሐሴ ላይ እናትነሽ ጽሑፏን አስጠርዛ፣ ዝናብ እንዳይነካው በላስቲክ ጠቅልላ መጣች። መከላከያዋ ቅዳሜ ነው። አርብ እራት ላይ የአያ ፈንታሁንን ሳል እያስመሰልሁ አጫወትኋቸው። ባለቤቴ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። እናትነሽ አልሳቀችም። እጇን ታጥባ ተነሣች፤ ጽሑፏን ከላስቲኩ አውጥታ አንድ ሰንጠረዥ ላይ ከፍታ ፊቴ አስቀመጠችው።

“አያ ታደለ፣ እኔም እኮ የጠየቅኋቸው በፎርም ነው።”

“እነማንን?”

“ንብ አርቢዎቹን። ዘንድሮ ስንት ኪሎ ማር ቆረጣችሁ አልኋቸው። ሁሉም ‘ምን ማር አለ ዘንድሮ’ አሉኝ። እኔም ምርቱ አሽቆልቁሏል ብዬ ጻፍሁ። ምክንያቱን አንድ ምዕራፍ ሙሉ ተነተንሁት።” ጣቷን ሰንጠረዡ ላይ አሳረፈች። “እናቴ እንኳ ስንት ቀፎ አለዎት ቢሏት ሁለት ነው የምትል። እኔው ጓሮ ወጥቼ እየቆጠርሁ ያደግሁት ጠፍቶኝ ነው?”

ሰንጠረዡን አየሁት። ንጹሕ ነው፤ ያምራል። አማካሪዋ ፈርሞበታል። ፈታኞቹ አንዳቸውም አዲ አርቃይን አያውቋትም።

“እናትነሽ፣ ማን ያውቃል?” አልኋት። “ነገ አቅርቢና ተመረቂ።”

“እኔ አወቅሁታ።”

ጥቅምት ላይ ማር ሲቆረጥ ሚዛን ይዤ ከየቀፏቸው ሥር እቀመጣለሁ፣ ሳልጠይቅ እመዝናለሁ አለች። መከላከያ በዓመት አንዴ፣ ነሐሴ ላይ ብቻ ስለሆነ፣ ይህ ማለት አንድ ዓመት መግፋት ነው። እስከዚያ ቅርንጫፉ ቢዘጋብሽስ አልኋት። “ከተዘጋም ይዘጋ፤ የሐሰት ቁጥር ይዤ አልመረቅም” አለች።

ተናደድሁ። አልደብቃችሁም። ዐሥር ቀን ሙሉ ሰው ሳስል የከረምሁት ለማን ነበር? ሰኞ ማለዳ መናኸሪያ የሸኘኋትም ተኳርፌ ነው። ጭጋግ ነበር፤ አውቶቡሱ ገና ሳይነሣ መስኮቱን ተደግፋ እንቅልፍ ወሰዳት። ጽሑፉ ጭኗ ላይ ነው። ቆሜ ሳያት ንዴቴ ቀስ እያለ ጠፋ፤ በቦታው የመጣው ቅናት ነው። እኔም እዚያው ቆርቆሮ ቤት ፎቅ ላይ ሁለት ዓመት ተምሬአለሁ። የገዛ ቁጥሬን የሚያስጥለኝ ነገር ግን አልደረሰብኝም።

መስከረም ላይ ዶክተር ደሳለው ደወለልኝ። ለሚመጣው ደረጃ አዲስ መስፈርት መጥቷል፤ በጊዜው ያልጨረሰ ተማሪ ያለበት ቅርንጫፍ ነጥብ ይቀነስበታል። ከኛ ያልጨረሰችው ደግሞ አንዲት ብቻ ናት።

“አቶ ታደለ፣ እርስዎን ትሰማለች” አለኝ። “በተዘጋጀው ጽሑፍ ብትጨርስ ይሻላል፤ ልዩ ቀጠሮ እንይዝላታለን። እባክዎ ይምከሩልኝ።”

እመክራታለሁ አልሁት። ጥቅምት ገባ፤ ማሩም ተቆረጠ። እስካሁን አልመከርኋትም።