ሊቀ ቁልፍ ሰይፈ ሚካኤልና ያልተነካው ቶርኖ

በዚህች አገር ዕቃ የሚገዛው ለሁለት ነገር ነው፤ ወይ ለመጠቀም፣ ወይ ለመጠበቅ። ለመጠቀም የተገዛ ግን እኔ እስካሁን አላጋጠመኝም። የሶፋችን ላስቲክ ከሶፋው በፊት ያረጃል። የቴሌቪዥናችን ሪሞት ከነፌስታሉ ተወልዶ ከነፌስታሉ ይሞታል። ቡፌ ውስጥ የተደረደሩት ብርጭቆዎች ልጆቻችንን አሳድገው ዳሩ እንጂ ውሃ ቀምሰው አያውቁም። ቤት ውስጥ ሲሆን ስቀን እናልፈዋለን። መሥሪያ ቤት ሲሆን ግን ለዚሁ ሥራ የተቀጠረ ሰው አለ፤ እናንተም ታውቁታላችሁ። መጽሐፉን ከአንባቢ፣ አልጋውን ከበሽተኛ፣ ሜዳውን ከኳስ የሚጠብቀው ሰውዬ ነው።

የእኔው ጋሽ ሰይፈ ሚካኤል ይባላሉ። እዚሁ ድሬዳዋ፣ በአንድ የቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ የብረታ ብረት ወርክሾፕ ኃላፊ ነበሩ። የኮሌጁን ስም አልጠራም፤ ሁለተኛዋ ልጄም ልትገባበት አስባለች። በድሬ ልማድ ትልቁንም ትንሹንም “አንተ” ነው የምንለው። እኔ “እርስዎ” ካልኩ ተናድጃለሁ ማለት ነው። ጋሽ ሰይፈ ሚካኤልን ደግሞ “እርስዎ” ብቻ አልበቃኝ ብሎ “ሊቀ ቁልፍ” የሚል ማዕረግ ጨምሬላቸዋለሁ። አሥራ አራት ቁልፍ በጥቁር ክር አሥረው ከማተባቸው ጎን አንገታቸው ላይ ያንጠለጥላሉ። ሲራመዱ ከሩቅ ይሰማሉ። ሠልጣኞቹም ያንን ድምፅ ሲሰሙ እጃቸውን ኪሳቸው ይከታሉ።

ከአራት ዓመት በፊት ለኮሌጁ ሦስት አዳዲስ ቶርኖዎች መጡ። ቶርኖ ለማታውቁ፣ ብረት እያሽከረከረ እንደ ሸንኮራ የሚልጥ ማሽን ነው። ጋሽ ሰይፈ ሚካኤል ፈርመው ተረከቡ፤ በዚያው ቀን ሸራ አለበሷቸው። ከዚያ ወዲህ ሸራው ታጥቦ ያውቃል፤ ቶርኖዎቹ ግን ሠርተው አያውቁም።

ትምህርቱስ? ትምህርቱማ አለ! ሊቀ ቁልፍ ግድግዳው ላይ ቶርኖ በጠመኔ ሣሉ። እጀታው፣ መንጋጋው፣ ማስነሻው ሳይቀር በልኩ። ሠልጣኞቹ በሥዕሉ ፊት እየተሰለፉ እጃቸውን አየር ላይ ያሽከረክራሉ። እሳቸው ከኋላ ቆመው “በዓይን ተማሩ! እጅ ያበላሻል!” ይላሉ። አንዱ ተሳስቶ የተሣለውን እጀታ በመዳፉ ቢነካ እንኳ “ታጠፋዋለህ!” ብለው ይቆጣሉ። ጠመኔውንም ይጠብቁ ነበር።

ልጄ ማህደር ከእነዚህ ሠልጣኞች አንዷ ናት። አንድ ቀን ከሥራ ስገባ ፍሪጁ ፊት ቆማ አየር ስትዘውር አገኘኋት።

“ምን ሆንሽብኝ?”

“አታናግሪኝ እማ፣ ማሽኑ እየዞረ ነው።”

ፍሪጁ እንኳ መብራት ጠፍቶ ቆሟል። ልጄ ግን ላቧ ጠብ እስኪል ብረት እየላጠች ነው። መሳቅ ነበረብኝ፤ እኔ ግን ተናደድኩ።

እንግዳ የሚመጣ ቀን ሌላ ጉድ ነው። ሸራው ይነሳል፣ ማሽኑ ይወለወላል፣ ሠልጣኞቹ የካርቶኑ እጥፋት ያልለቀቀው አዲስ ቱታ ይለብሱና ከቶርኖው አንድ ክንድ ርቀው ይቆማሉ። ፎቶ ይነሳል። እንግዶቹ መኪናቸው ሳይገቡ ቱታውም ሸራውም ወደ ቦታው ይመለሳል። አንድ ጊዜ አንድ እንግዳ የማህደርን ጓደኛ ፊርዶስን “ይሄ ማሽን በደቂቃ ስንት ጊዜ ይዞራል?” ብሎ ጠየቃት። ፊርዶስ ድሬ ውስጥ የተወለደች ናት፤ ምላሷን የሚያስር የለም። “የትኛው አቦ? የብረቱ ነው የጠመኔው?” አለችው። ሊቀ ቁልፍ ሳምንት ሙሉ አኮረፏት።

እዚህ ድረስ ቀልድ ነው እንበል። የብቃት ምዘናው ሦስት ሳምንት ሲቀረው ግን ቀልዱ አለቀ። ምዘናው ዘንድሮ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሰጠው እዚሁ ኮሌጅ ነው፤ በሦስት ሰዓት ውስጥ ከድፍን ብረት የታዘዘውን ዘንግ ቀርጾ ማስረከብ ነው። ያለፈ ሰው ሥራ ይፈልጋል። የወደቀ ያን ሁሉ ዓመት ልፋቱን ይዞ ቤቱ ይቀመጣል። ማህደርን ደግሞ ኢንዱስትሪ ፓርኩ ውስጥ የአንድ ፋብሪካ የጥገና ክፍል “ካለፍሽ ነይ” ብሏታል። ይህች ልጅ ታዲያ ቶርኖ አስነስታ አታውቅም።

ነጠላዬን አጣፍቼ ወደ ኮሌጁ ሄድኩ።

“ጋሽ ሰይፈ ሚካኤል፣ የልጄ ምዘና ሦስት ሳምንት ቀረው” አልኳቸው።

“እግዚአብሔር ይርዳት።”

“እሱስ ይረዳታል፤ እርስዎ ሸራውን ቢያነሱላት።”

“ወይዘሮ አሰገደች፣ በዓይኗ በደንብ ተምራለች። ጎበዝ ልጅ ናት።”

“ደቻቱ ሲሞላ ድልድይ ላይ ቆሞ ጎርፍ ያየ ሁሉ ዋናተኛ ነው?”

ሊቀ ቁልፍ መሳቢያ ከፍተው አንድ ወረቀት አወጡ። ጠርዙ እንዳይጎዳ ላስቲክ ውስጥ ነው፤ ምኑ ይገርማል!

“ይሄን አየሽ? ሦስቱም በእኔ ስም ነው የተመዘገቡት። አንዲት የማሽን ጥርስ ብትሰበር ‘ማን ተማረበት?’ ብሎ የሚጠይቅ የለም፤ ‘ማን ፈረመ?’ ነው የሚሉት። በሰኔ ጡረታ እወጣለሁ። እንደ ተረከብኩት ካላስረከብኩ ከዚህ ግቢ አልወጣም። በዚሁ ጉዳይ ሁለት ዓመት የተንከራተተ ሰው አውቃለሁ።”

“ልጄንስ? እሷን ማን ፈርሞ ተረከባት?”

ሊቀ ቁልፍ ቁልፎቻቸውን ነካኩ፣ ወረቀቱን መልሰው ላስቲኩ ውስጥ ከተቱ። እኔም በሩን በኃይል ዘግቼ ወጣሁ። እስከ ቤቴ ድረስ ብቻዬን ስለፈልፍ ባጃጅ ነጂው በመስታወት እያየኝ ነበር።

በማግስቱ ማህደርን ይዤ ደቻቱ ዳር ወዳለው የኑሪ ቶርኖ ቤት ሄድኩ። የኑሪ ቶርኖ ከእኔ ዕድሜ ይበልጣል፤ ሲነሳ ሰፈሩ ይነቃል። ኑሪ ልጄን ከእግር እስከ ራሷ አያት።

“አቦ፣ እስካሁን ምን ነክተሻል?”

“ጠመኔ” አለች ማህደር።

“ያ አላህ!” አለና ወደ እኔ ዞረ። “ወላሂ እህቴ፣ ለእኔ ተዪያት። እጇ ይቆሽሻል እንጂ አትወድቅም።”

ከዚያ ቀን ጀምሮ ማህደር ከሰዓት በኋላ ኑሪ ጋ ናት። ቤት ስትመጣ ጥፍሯ ሥር ጥቁር ነው፤ በሕይወቴ እንደዚያ ጥፍር ደስ ያለኝ ነገር የለም። ከምዘናው በፊት ባለው እሑድ ምሳ ቋጥሬ ወሰድኩላት። በሩ ጋ ስደርስ ግድግዳው ላይ፣ ምስማር ላይ፣ የታጠፈ ነጭ ነጠላ ተሰቅሏል። ከነጠላው ጋር ደግሞ አሥራ አራት ቁልፍ።

ከውስጥ “ንኪው! አትፍሪው፣ ንኪው እንጂ! ብረት በዓይን አይሰማም፣ በእጅ ነው!” የሚል ድምፅ ሰማሁ።

የድሬ ፀሐይ የመታችኝ መሰለኝ። ጋሽ ሰይፈ ሚካኤል የኑሪን አሮጌ ቱታ ለብሰው፣ መዳፋቸውን በልጄ እጅ ላይ ጭነው፣ እጀታውን አብረዋት ይዘውራሉ። ብረቱ እየተላጠ ይወርዳል። እሳቸው ዓይናቸውን ጨፍነዋል። ዓይናቸውን! ያ አራት ዓመት ሙሉ የተመሰገነ ዓይን ተጨፍኗል።

ኑሪ ጆሮዬ ሥር መጣ። “የእኔም ሼፍ ነበር” አለኝ። በባቡሩ ዘመን አለቃን ሼፍ ነበር የሚሉት። “ባቡር ወርክሾፕ እያለን እንደዚህ እጄን ይዞ ነው ያስተማረኝ። ልጅሽ እዚህ እንዳለች ሲሰማ ራሱ መጣ። ለማንም እንዳትናገሩ ብሎናል።”

“ምን ይሠራሉ እዚህ?” አልኳቸው ጮኼ።

ሊቀ ቁልፍ ዓይናቸውን ገለጡ። እንደ ተያዘ ሌባ ደነገጡ።

“እዚህ ያለውን አልፈረምኩበትም፣ ወይዘሮ አሰገደች።”

አቅፌ ልስማቸው ወይስ በምሳ ዕቃው ልምታቸው አላወቅሁም። አዎ፣ አሳዘኑኝ። ግን ንዴቴ ባሰ እንጂ አልበረደም። እንዲህ ያለ እጅ ያለውን ሰው አራት ዓመት ሙሉ ጠመኔ አስይዞ ግድግዳ ፊት ያቆመው ማን ነው? ለማሽን ጥርስ ፊርማ የሚጠይቅ፣ ለልጅ ዕድሜ ግን ማንንም የማይጠይቅ አሠራር ያወጣው ማን ነው? በዚያ ግድግዳ ፊት አልፈው የሄዱት ሠልጣኞች ደቻቱ ዳር የሚወስዳቸው እናት አልነበራቸውም።

የምዘናው ቀን ደረሰ። መዛኞቹ ከውጭ መጡ፣ ሸራው ተነሳ፣ የመጀመሪያው ቶርኖ ማስነሻ ተጫነ። አንዴ አቃሰተና ዝም አለ። ሁለተኛውም እንዲሁ፣ ሦስተኛውም። ከእጅ ተጠብቆ የኖረው ማሽን ግራሶው ውስጡ ደርቆ ድንጋይ ሆኗል። እኛ ወላጆች ከአጥሩ ውጭ ሆነን ስንሰማ አንዷ እናት ማልቀስ ጀመረች።

ማህደር ኋላ እንደነገረችኝ፣ ከበሩ ውጭ እንዲቆሙ የተነገራቸው ሊቀ ቁልፍ ማንንም ሳያስፈቅዱ ገቡ። ኮታቸውን አውልቀው ሲሚንቶው ላይ ተንበረከኩ። ማሽኖቹን በየተራ ፈትተው በነጭ ጋዝ አጠቧቸው፣ አዲስ ግራሶ አበሏቸው። እኩለ ቀን ሳይሆን ሦስቱም ይዞሩ ነበር። ማህደር ተራዋ ደርሶ ጀመረች። መጨረሻው ላይ ስለቱ አዳልጧት የማሽኑን አረንጓዴ ቀለም ጫረችው። ልጄ ክው ብላ ወደ በሩ አየች።

“ቀጥዪ!” አሉ ወደ በሩ የተመለሱት ሊቀ ቁልፍ።

አለፈች። ፊርዶስ ግን ወደቀች። ፊርዶስ የምታውቀው መብራት የማይፈልገውን የጠመኔውን ቶርኖ ነበር። ያን ቀን ኮሌጁ በር ላይ አንገቷን ደፍታ ቆማ ሳያት ደስታዬ ግማሽ ሆነ።

ሊቀ ቁልፍም አይተዋት ኖሯል። በማግስቱ ሸራውን አጥፈው ጣሉት፤ የወደቁትን ሁሉ እስከ ሰኔ ድረስ በሦስቱም ቶርኖ ላይ እጃቸውን እየያዙ አሠሯቸው። በድጋሚው ምዘና ፊርዶስም አለፈች።

የርክክቡ ቀን የንብረት ክፍሉ ሰው ማሽኖቹን ዞሮ አይቶ “ጭረት፣ አንድ” ብሎ ሊጽፍ ሲል ጋሽ ሰይፈ ሚካኤል አስቆሙት አሉ።

“አንድ አይደለም፣ አሥራ ሰባት ነው። ቆጥሬዋለሁ። ሁሉንም በእኔ ስም ጻፈው።”

ለዚያ አሥራ ሰባት ጭረት ይኸው አምስት ወር ሆናቸው፣ ቢሮ ለቢሮ ይዞራሉ። ይህን ስጽፍም ጡረታቸው አልተፈጸመም። አሁንም ተናድጃለሁ፤ የምናደድበት ሰው ግን ተለውጧል።

ባለፈው እሑድ፣ ማህደርን ፋብሪካው ስለ ቀጠራት፣ እንኳን ደስ አላችሁ ሊሉ ቤቴ መጡ። ማህደር በምዘናው የቀረጸችው ዘንግ ቡፌው ውስጥ፣ ከብርጭቆዎቹ መሀል ተቀምጧል። እንደ መስታወት ያበራል። ጋሽ ሰይፈ ሚካኤል አዩት፣ ተነሱ፣ የቡፌውን በር ከፍተው እጃቸውን ዘረጉ።

“በዓይንህ ጋሽ ሰይፌ፣ በዓይንህ!” የሚል ጩኸት ከአፌ አመለጠኝ።

እጃቸው አየር ላይ ቀረ። ቀስ ብለው ዞረው አዩኝ።

“ምነው አሰገደች” አሉኝ፣ “ፈርመሽበታል እንዴ?”