የአያ ታረቀኝ ብረት ማዞሪያ

«እኔ ሰው አያስፈልገኝም» የሚል ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔን ዳንግላ ላይ ገጥሞኛል፤ የጋሪ ብረት በያጁ አያ ታረቀኝ። ሲበይዱ ብረቱን የምናዞርላቸው እኛ ባለጋሪዎች ነበርን፣ ከነወሬያችን። «አፋችሁ ከእጃችሁ ይፈጥናል!» አሉና የሟች ሚስታቸውን የስፌት መኪና ፈታተው ብረት ማዞሪያ አደረጉት። እግራቸው ሲረግጥ ብረቱ በመኪናው ጠፍር ይሽከረከራል። ይህን ጥበብ ቤተ መንግሥት ቢሰማ ዝም ይል ነበር? እኛም ብረታችንን አስቀምጠን መሄድ ለመድን፤ ግቢያቸው ጭር አለ።

አንድ ቀን ብረቴን ልወስድ ብሄድ አልተበየደም። «የመኪናው ጠፍር ተበጠሰ፤ እስቲ አንተ አዙርልኝ» አሉኝ። እያዞርኩ፣ እያወራን መሸ። ልሄድ ስነሳ ጠፍሩ ከኪሳቸው ተንጠልጥሎ አየሁት፤ የትም አልተበጠሰም።

«አያ፣ ነገስ ይጠገን ይሆን?» አልኳቸው።

«ነገም የሚጠገን አይመስለኝም» አሉ፣ ጠፍሩን ወደ ኪሳቸው እየገፉ።