መጫኛው አለ፣ ሳይክሉ የታለ?

ባለመኪና፦ ጣራ ላይ አይደለም አልኩህ! ስንት ጊዜ ልንገርህ? በስተኋላ!

መካኒክ፦ በስተኋላ... እሺ። ፖርቶ መጋላ ግን ጣራ ላይ ነው የሚታሰረው ጋሼ።

ባለመኪና፦ ይሄ ፖርቶ መጋላ አይደለም! የሳይክል መጫኛ ነው። ከስር የብረት ጋንቾ ይታሰራል፣ ጋንቾው ላይ ይሄ ይሰካል፣ እዚህ ላይ ደግሞ ሳይክሉ ይቆማል። ምኑ ነው የማይገባህ?

መካኒክ፦ አሁን ገባኝ። ጉድና ጅራት ከወደኋላ ነው ይባላል።

ባለመኪና፦ መኪናዬን ነው ጉድ ያልካት?

መካኒክ፦ ኧረ እኔስ ስለ ጅራቱ ነው።

(ዓርብ ከሰዓት በኋላ፤ አንድ ጠባብ ጋራዥ ውስጥ። ባለመኪናው ከቢሮ አምልጦ የመጣ፣ ሱፉን በሦስት ቁልፍ የቆለፈ ሰው ነው። በቅርቡ የገዛት ሃይብሪድ መኪና አጠገብ ቆሞ የመጫኛውን ካርቶን እንደ ሕፃን አቅፎታል። መካኒኩን ደግሞ ሰፈሩ «ረጋ በሉ» ይለዋል። አንድ ነገር ጠይቀውት መልሱ እስኪመጣ ምሳ በልቶ መመለስ ይቻላል።)

ባለመኪና፦ ስማ፣ ነገ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ከዋና ሥራ አስኪያጃችን ጋር ሳይክል ልንነዳ ነው። የክፍል ኃላፊነቱ ወንበር ባዶ ነው። ማን እንደሚቀመጥበት ነገ ይለያል። ስለዚህ ሥራህን አጥራ!

መካኒክ፦ ወንበሩ ሳይክል ላይ ነው?

ባለመኪና፦ ቢሮ ነው! ቢሮ!

(እውነቱን እንናገር ከተባለ፣ ይሄ ሰው በዕድሜው ሳይክል ላይ ወጥቶ አያውቅም። ከአሥር ቀን በፊት አሳንሰር ውስጥ ከሥራ አስኪያጁ ጋር ብቻቸውን ቢቆሙ፣ ዝምታው ሲያስጨንቀው ጊዜ «እኔ በየቅዳሜው ስልሳ ኪሎ ሜትር በሳይክል እነዳለሁ» ብሎ ለቀቀው። ሥራ አስኪያጁም «እኔም እነዳለሁ፤ እንግዲያው አብረን!» አሉት። አሁን ዘዴው ይሄ ነው፦ መጫኛው ይታያል፣ ሳይክሉ «ጥገና ላይ ነው» ይባላል፣ ሹመቱ ይመጣል።)

ባለመኪና፦ ከመጀመርህ በፊት ልጠይቅህ። ሃይብሪድ ነክተህ ታውቃለህ?

መካኒክ፦ (እያሰበ) ዘንድሮ... ሃያ አይሞሉም።

ባለመኪና፦ አታውቅም ማለት ነው። ላስረዳህ። ሃይብሪድ ማለት ግማሹ ቤንዚን፣ ግማሹ ኤሌክትሪክ ነው። በግራ በኩል ያለውን ብሎን በባዶ እጅህ እንዳትነካ! ኤሌክትሪኩ በዚያ ነው የሚሄደው።

መካኒክ፦ ባትሪዋ ከኋላ ወንበር ስር ናት ጋሼ። ያንን ብርቱካናማ ገመድ ካልነኩት ምንም አይልም።

ባለመኪና፦ አላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል! መጽሐፉን ያነበብኩት እኔ ነኝ ወይስ አንተ?

መካኒክ፦ እርስዎ ነዎት። እንግዲያው መኪናዋን ያጥፏትና ከስር ልግባ።

ባለመኪና፦ ጠፍታለች እኮ! ድምፅ ትሰማለህ?

መካኒክ፦ (ጆሮውን ወደ ኮፈኑ አስጠግቶ ቆይቶ) አልሰማም።

ባለመኪና፦ እንግዲያስ!

(መካኒኩ የኋላውን በክሪክ አነሳ፣ ድጋፍ አስገባ፣ ካርቶን አነጠፈ። ጭንቅላቱን ገና ወደ ስር ሊሰድ ሲል ሞተሩ በራሱ ጊዜ ተነስቶ አጓራ። ባለመኪናው ወደ ኋላ ዘሎ ከአሮጌ ጎማ ክምር ጋር ተላተመ።)

ባለመኪና፦ ኧረ ጉድ! ማን አስነሳት? ማን ነካት?

መካኒክ፦ ማንም። ባትሪዋ ሲቀንስ ራሷ ትነሳለች። አልጠፋችም ነበር። ያቺ አረንጓዴ መብራት በርታ የለ? ነቅታለች ማለት ነው።

ባለመኪና፦ (ሱፉን እያራገፈ) አውቃለሁ። ልፈትንህ ብዬ ነው።

መካኒክ፦ አለፍኩ?

ባለመኪና፦ ለጥቂት!

(መኪናዋ ጠፋች፤ የምር። መካኒኩ ከስር ገባ። እግሩ ብቻ ይታያል።)

ባለመኪና፦ ድሪሉን ላቀብልህ? ሻንሲውን ቶሎ ብሳው!

መካኒክ፦ (ከስር) መብሳት አያስፈልግም። ቀዳዳው አለ።

ባለመኪና፦ ምን? ቀዳዳ ያለበት መኪና ነው የሸጡልኝ?

መካኒክ፦ ከፋብሪካው የመጣ ነው። ለዚሁ ለጋንቾው ተብሎ፣ በላስቲክ ተደፍኖ።

ባለመኪና፦ ...አዎ፣ እሱን ማለቴ ነው። እኔ ነኝ አስበሱልኝ ያልኳቸው።

መካኒክ፦ ፋብሪካውን?

ባለመኪና፦ ሥራህን ሥራ! ማርሚታውን፣ ያንን የጭስ ማውጫውን፣ እንዳትጥለው! ደግሞ ጋንቾው ላይ ጎማ አልብሰው፤ ኤሌክትሪኩ ወደ ሳይክሉ እንዳይሻገር።

መካኒክ፦ ቢሻገር ምን ይሆናል?

ባለመኪና፦ ሳይክሉም ሃይብሪድ ይሆናላ! ምን ይሆናል ይለኛል እንዴ! ሌላም ልንገርህ፤ መንገድ ላይ የሳይክሉ ጎማ በነፋስ በተሽከረከረ ቁጥር ባትሪውን ይሞላዋል።

መካኒክ፦ ጎማው እኮ በቀበቶ ይታሰራል ጋሼ።

ባለመኪና፦ ታስሮም ቀስ እያለ ይሞላል!

(ከስር የሚታየው እግር ብቻ ይወዛወዛል። መካኒኩ እያሰበበት ይሁን እየሳቀ አይታወቅም። በመጨረሻ ብሎኖቹን አጥብቆ ወጣ፣ መጫኛውን ጋንቾው ላይ ሰካ፣ ያዝ አድርጎ ነቀነቀ።)

መካኒክ፦ ንቅንቅ አይልም። የኋላ በሩ እንዲከፈትልዎት ደግሞ ይቺን ጫን ሲሏት ወደ ታች ይተኛል። አሁን ክንዶቹን በሳይክሉ ልክ ላስተካክል። የሳይክልዎ ጎማ ስንት ነው?

ባለመኪና፦ (ግራ ቀኝ አይቶ) እንደማንም ሰው... ሁለት።

መካኒክ፦ ሁለትስ ሁለት ነው። ልኩን ነው የጠየቅኩት።

ባለመኪና፦ አሥራ አምስት ኢንች።

መካኒክ፦ ያ የመኪናዋ ነው።

ባለመኪና፦ አውቄ ነው አንድ ዓይነት ያደረግኋቸው! አንዱ ቢፈነዳ ለመቀያየር!

መካኒክ፦ (ቆይቶ) እሱንስ አስቤው አላውቅም። ማርሹስ?

ባለመኪና፦ አውቶማቲክ።

መካኒክ፦ ሳይክሉ?

ባለመኪና፦ ዘመናዊ ነዋ! አንተ እዚህ ጋራዥ ውስጥ ተቀብረህ ዓለም ጥሎህ ሄዷል!

መካኒክ፦ ሳይሆን አይቀርም። ለማንኛውም በእኔዋ እንለካ።

(ግድግዳ ላይ የተደገፈች ቀለሟ የለቀቀ ሳይክል አመጣ። ጠዋትና ማታ የሚመላለስባት ናት። መጫኛው ላይ አቁሞ ክንዶቹን አስተካከለ፣ አሰረ፣ ፈታ፣ አወረዳት። መሪዋን ለባለመኪናው አስያዘው።)

መካኒክ፦ በሉ እንኩ፤ በዚህችው እስከ በሩ ደርሰው ሁለቱንም መዝጊያ ወለል አድርገው ይክፈቱልኝ። መኪናዋን ማውጣታችን አይቀርም።

ባለመኪና፦ በዚህች? እኔ? ሱፍ ለብሼ?

መካኒክ፦ በሩ ራቅ ይላል ብዬ ነው።

ባለመኪና፦ እግር የተፈጠረው ለምንድን ነው!

(ሳይክሏን በእጁ እየገፋ ሄደ። በአራተኛው ርምጃ ፔዳሏ ቅልጥሙን አገኘችው። በሰባተኛው መሪዋ ተጠማዞ ወደ ግድግዳው ወሰደችው። በሩን ከፍቶ ሲመለስ ሳይክሏ ናት ሰውየውን እየጎተተች ያመጣችው። መካኒኩ እጁን በጨርቅ እየጠረገ ሁሉንም አየ።)

መካኒክ፦ ጋሼ።

ባለመኪና፦ አቤት!

መካኒክ፦ ሳይክል መንዳት ይችላሉ?

ባለመኪና፦ (ጆሮው ቀልቶ) ምን አልክ? እኔን? በሳምንት ስልሳ ኪሎ ሜትር የምነዳውን ሰውዬ?

መካኒክ፦ ካልቻሉ ምንም አይደል። ግቢው ባዶ ነው፣ ለአሁኑ የሚያየን ሰው የለም። ከኋላ ደግፌ ላለማምድዎት። ሌላም ሰው አስተምሬያለሁ።

(ለአንድ አፍታ «እሺ» የሚለው ቃል ጉሮሮው ድረስ መጣ። ነገን እያሰበ እንቅልፍ ካጣ ሦስት ቀኑ ነው። ግን ቱታው በቅባት የጠቆረ ሰው ፊት «አልችልም» ማለት ከሞት ባሰበት።)

ባለመኪና፦ አንተ እኔን? ከመጠምጠም መማር ይቅደም ይባላል! ሄደህ መጀመሪያ አንተ ተማር! ሃይብሪድ ምን እንደሆነ ሳስተምርህ ውዬ፣ ጭራሽ ሳይክል ላስተምርህ ትለኛለህ?

መካኒክ፦ እሺ ጋሼ። እንዲያው ለማለት ያህል ነው።

ባለመኪና፦ ምን ዓይነት ጅል ነው እንዲህ ብሎ አንተን አስተምረኝ የሚለው?

መካኒክ፦ ጅል እንኳ አይመስሉኝም። አሁን መምጫቸው ነው።

(ከበሩ ውጭ የሳይክል ደወል ተንቃጨለ። ቢጫ ሄልሜት ያጠለቁ፣ ሁለት ጉልበታቸው ላይ ፕላስተር የለጠፉ ሽማግሌ ግራ ቀኝ እየተንገዳገዱ በተከፈተው በር ገቡ። ዋና ሥራ አስኪያጁ ናቸው። ባለመኪናው መሸሸጊያ ቢፈልግ የለም። ከነሱፉ በደረቱ ተኝቶ መኪናዋ ስር ሾለከ። ግራ ቀኝ ብሎን አልመረጠም።)

ሥራ አስኪያጅ፦ አስተማሪዬ! አየኸኝ? ከቢሮ እዚህ ድረስ አንዴ ብቻ ነው የወደቅኩት!

መካኒክ፦ አየሁ። በርትተዋል።

ሥራ አስኪያጅ፦ ሰኞ ዕለት ፍሬኑ የት እንዳለ የማላውቅ ሰው! (ዞር ብለው) ይቺ ግን የእኛ ሰው መኪና አይደለችም? ያ ስልሳ ኪሎ ሜትር እነዳለሁ ያለኝ! ከእሱ ላለማነስ እኮ ነው እኔም «እነዳለሁ» ብዬ የዋሸሁትና ሳምንቱን ሙሉ እዚህ ስወድቅ ስነሳ የከረምኩት። የታለ?

መካኒክ፦ እሳቸውማ...

(ረጋ በሉ መልሱን ለማምጣት ገና አፉን እየከፈተ ነው። መኪናዋ ስር የተኛው ሰው የመካኒኩን ዘገምተኛነት ለመጀመሪያ ጊዜ አመሰገነ።)

ሥራ አስኪያጅ፦ ተወው፣ ነገ አገኘው የለ! ፊት ፊት እየሄደ የሚመራን እሱ ነው ብዬ አብረውን ለሚነዱት የቢሮ ሰዎች ሁሉ ተናግሬያለሁ። መቼም የመሥሪያ ቤት ሰው ሰበብ አያጣም፤ «ሳይክሌ ጥገና ላይ ነው» የሚል እንዳይኖር ብዬ ሁለት ትርፍ ሳይክል ጭኜ እመጣለሁ። እጄን ልታጠብና ዛሬ ዳገቱን እንሞክራት!

(ፉጨታቸውን እየለቀቁ ወደ ቧንቧው አለፉ። ቆይቶ ከመኪናዋ ስር አንድ ትሑት ድምፅ መጣ።)

ባለመኪና፦ ጌታዬ...

መካኒክ፦ (ጎንበስ ብሎ) እኔን ነው?

ባለመኪና፦ እርስዎን ነው። እኚህ ሰውዬ... ለመልመድ ስንት ቀን ፈጀባቸው?

መካኒክ፦ (ጣቶቹን ቆጠረ፤ ተጠራጥሮ እንደገና ቆጠረ) አምስት።

ባለመኪና፦ ዛሬ ማታ ብንጀምር፣ እኔ ለነገ ሁለት ሰዓት አልደርስም?

መካኒክ፦ እሳቸው እኮ በአምስት ቀን የጨረሱት በመጡ ዕለት «ምንም አላውቅም» ብለውኝ ነው። እርስዎ ትንሽ ይቆያሉ ጋሼ፤ መጀመሪያ የሚያውቁትን ማራገፍ አለብን።