ከሞተር ያልወረደ ሽማግሌ

ሰው የሚዋረደው በማያውቀው ነገር ይመስላችኋል? ተሳስታችኋል! በማያውቀው ነገርማ ዝም ይላል፤ ይከበራል። ሰውን ጉድ የሚሠራው ትንሽ የሚያውቀው ነገር ነው። እኔ ይኸው ስለ ሞተር ሳይክል ትንሽ አውቃለሁ…

ሞተሬን እዚህ መሐል ሜዳ ከተማ የማያውቃት የለም። ፈረንጆች አገር ላገር የሚዞሩባት፣ ግራና ቀኟ ሣጥን የተንጠለጠለባት ግዙፍ ናት። ገበያ መሐል ስትገባ በጉም ባለበጉም ይበተናል። አንድ ጉድለት ብቻ ነበረባት፤ ማርሽ ለመቀየርና ለማቆም የሚጨበጠው የፍሪሲዮኗ እጀታ ደርቆ አልጨበጥ አለ። ማርሽ በቀየርኩ ቁጥር ግራ እጄ እስከ ትከሻዬ ይንቀጠቀጣል።

"ብርዱ ነው" አለኝ አንዱ። "ላት ቀባው" አለኝ ሌላው። (የበግ ላት የማይፈታው ነገር አለ ብሎ የሚያምን መንዜ እስካሁን አልገጠመኝም።) እኔ ግን አዋቂ ነኛ! ይቺ ፍሪሲዮን በሽቦ ሳይሆን በዘይት ግፊት እንደምትሠራ አውቃለሁ። መሪው ላይ ያለችውን ትንሽ የዘይት ዕቃ ከፈትኩና የሞተር ዘይት ሞላሁባት። ዘይት ያው ዘይት አይደል? በሦስተኛው ቀን ጭራሽ ደነደነች።

መካኒኩ ጌቴ ክዳኑን ከፍቶ አሸተተ።

"ማነው ይህን የጨመረው?"

"እኔ እንጃ…"

"ማንም ይሁን፣ የሠራ እጁ ይመስገን! ይቺ የምትጠጣው የፍሬን ዘይት ብቻ ነው። በሞተር ዘይት ውስጧ ያለው የጎማ ቀለበት፣ ጎሚኒው፣ አብጧል። ሌላ ጎሚኒ ከደብረ ብርሃን እስኪመጣ እንዳትነዳት።"

"መቼ ይመጣል?"

"ማክሰኞ።"

እኔ ደግሞ እሑድ ሽማግሌ ነኝ!

ነገሩ እንዲህ ነው። ጓደኛዬ ተክሌ ዘመሮ ከተማ ያለች አስካለ የምትባል ልጅ ወዶ እንቅልፍ ካጣ ከርሟል። አባቷ ጋሽ በየነ ሁለት ጊዜ ሽማግሌ መልሰዋል። "በሦስተኛው ከመለሱኝ አለቀልኝ፤ ለሌላ ይድሯታል" እያለ አንጀቴን በላው። ዕድሜዬ ባይደርስም ባለ ሞተር ነኝና ከሽማግሌዎቹ ተቆጠርኩ። የንስሐ አባቱን አባ ገብረ ሥላሴን ጉልበታቸውን ያማቸዋል። "አባን በሞተሬ ነው የማደርሳቸው! ጋሽ በየነ ሲያዩን ልባቸው ይሸፍታል" ብዬ ጉራዬን ነዝቻለሁ። አሁን ምን ብዬ ልቅር?

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ "ከአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ" ብዬ እጀታውን በሁለት እጄ ጨምቄ ተነሣን። የመንገዱን ነገር ተዉት… አባ ወገቤን አንቀው ውዳሴ ማርያም ደገሙ፤ ጨረሱና እንደገና ጀመሩ።

ስንደርስ ሦስተኛው ሽማግሌ ጋሽ ላቀው በሚኒባስ ቀድመውን በሩ ላይ ቆመዋል። ጋሽ በየነም ጋቢያቸውን አጣፍተው ወጥተዋል። አሁን መውረድ ብቻ ነው የቀረን። ግራ እጄን ጨብጥ አልኩት፤ እምቢ አለ! ጣቶቼ ደንዝዘዋል፤ ቀኜን ላግዘው ብል ደግሞ መሪውን ለቅቄ አባን ይዤ መውደቄ ነው። ሞተሯ በአንደኛ ማርሽ እያጉረመረመች በሩን አለፈችና ሜዳው ላይ ያለውን የገለባ ክምር መዞር ጀመረች።

"ወዴት ነው ልጄ?" አሉ አባ በጆሮዬ።

"መጣን አባ! ደረስን!"

"ኧረ ውረዱ፣ አረፍ በሉ!" አሉ ጋሽ በየነ። አለፍናቸው። ሁለተኛ ዞርን። "ምነው? ቤቴ ተናቀ እንዴ?" አሉ። አሁንም አለፍናቸው። የተክሌ ትዳር በእኔ እጅ፣ ያውም በማይታዘዘው ግራ እጄ፣ ገደል ሊገባ ነው!

መቼም ለልመና የመጣ ሽማግሌ ጉዳዩ ሳይሰማለት እንደማይቀመጥ ታውቃላችሁ። ጋሽ ላቀው ይቺን ወግ ይዘው ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

"በየነ፣ አይቀመጡልህም። እሺ ካላልካቸው መሬት አይረግጡም። ቆርጠው ነው የመጡት!"

ጋሽ በየነ ፊታቸው ተለወጠ። ቆሞ የሚለምን ሽማግሌ አይተው መልሰዋል፤ እየዞረ የሚለምን ግን አይተው አያውቁም። ያውም ካህን! በአራተኛው ዙር አባ ጨንቋቸው "እግዚኦ መሐረነ!" እያሉ ሲያልፉ ሰውየው አልቻሉም።

"በቃ! ልጄን ሰጥቻለሁ! አባን አውርዱልኝ!"

እኔ በደስታ መሪውን ሳትኩ። ሦስታችን፣ እኔም አባም ሞተሯም፣ ገለባው ውስጥ ገባን፤ ያኔ ጠፋች። አባ ጥምጥማቸውን እያራገፉ ተነሡና በርጋታ ጠየቁኝ።

"ልጄ… ይቺ ነገር ማጥፊያ ቁልፍ የላትም?"

አላት። እፊቴ ነበረች።

ማክሰኞ ጌቴ ጎሚኒውን ለወጠ፤ አሮጌውን ዘይት አስለቅቆ የፍሬን ዘይት ሞላና አየሯን አስወጣላት። እጀታዋ በአንድ ጣት የምትሳብ ሆነች። በሳምንቱ አንድ የማላውቃቸው አዛውንት ቤቴ ድረስ መጡ።

"ወንድ ልጄ ሁለት ጊዜ ሽማግሌ ተመለሰበት። እባክህ ያቺን ሞተር ይዘህ ድረስልን።"

"በደስታ!" አልኳቸው። "ደግሞ አሁን ተሠርታለች፤ እንዳሻኝ ነው የማቆማት!"

አዛውንቱ ራሳቸውን ይዘው ደረጃዬ ላይ ቁጭ አሉ።

"ወይኔ ልጄን! ምነው ሳምንት ቀደም ብዬ በመጣሁ!"