ክቡር ዊቤና ምንም የማይባልበት ዘመን

አቶ ዊቤ ቴርፕስትራ ሐኪም ቢያዛቸው ሲጋራ ትተዋል፤ ልጃቸው ቢለምናቸው መኪና መንዳት ትተዋል፤ ፀጉራቸውማ ማንም ሳያዝዘው ራሱ ትቷቸው ሄዷል። አንዲት ዓረፍተ ነገር ግን አልተውም አሉ፤ «ዛሬማ ምንም ማለት አይቻልም!»

በሆላንድ ምድር እንዲህ ያለ ሰው የሌለበት ቤተሰብ ቢገኝ፣ ያ ቤተሰብ ልደት የማያከብር መሆን አለበት። ይህ ዓይነቱ ሰው ምንም ማለት እንደማይቻል ለማስረዳት ከሾርባው እስከ ጣፋጩ ያለ ዕረፍት ይናገራል። አፉን ማን እንደዘጋበት ቢጠየቅ «እነሱ» ይላል። «እነሱ» እነማን እንደሆኑ ግን፣ ምንም ማለት ስለማይቻል፣ አይናገርም።

ክቡር ዊቤ በሐርሊንገን ወደብ መርከብ ሲያልፍ የሚነሣው ድልድይ ጠባቂ ነበሩ፤ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ መኪናውንም ብስክሌቱንም ቀጥ አድርገው ሲያስቆሙ ኖረዋል። እርሳቸውን የሚያስቆም ግን አልተገኘም። ያቺን ዓረፍተ ነገር ከዓሣ ሻጩ ጋሪ ፊት ተሰልፈው ይሏታል። ከቤተ ክርስቲያን ደጅ ይሏታል። የጥርስ ሐኪሙ መስታወቱንና መንጠቆውን አፋቸው ውስጥ አስገብቶ፣ በእርግጥም ምንም ማለት በማይቻልበት በዚያች ሰዓት እንኳ «ዛእ እንእ አእት አአአልእ!» ብለዋል። ሐኪሙም አጎቱ እንዲሁ ናቸውና ወዲያው ገባው።

የልጃቸው ሚስት ኦርሲን ይህን ሁሉ በትዕግሥት ትሰማለች። ወላጆቿ የሆላንድ ቅኝ ግዛት ከነበረችው ከሱሪናም የመጡ ጥቁሮች፣ ራሷ ሮተርዳም ያደገች፣ አሁን ከወደቡ ጀርባ የፀጉር ቤት የከፈተች ሴት ናት። ትዕግሥቷ ከሙያዋ የመጣ ነው፤ የተተበተበ ፀጉር በጉልበት እንደማይፈታ ታውቃለች።

አንድ ቀን ሬዲዮው «ነጭ ልጃገረዶች የጥቁሮችን ሹሩባ ሊሠሩት ይገባል ወይስ አይገባም?» እያለ ሲያከራክር ክቡርነታቸው ሰሙ። እንደ እንቁላል የሚያበራው ራሳቸው በቁጣ ቀላ። ብስክሌታቸውን አስነሥተው ወደ ፀጉር ቤቱ ገሠገሡ።

«ኦርሲን! እኔ ነገ ተነሥቼ ሹሩባ ልሠራ ብል ትከለክዪኛለሽ?»

ኦርሲን እጇን ከደንበኛዋ ራስ ላይ ሳታነሣ ቀና ብላ አየቻቸው። «እኔ ምን አቅም አለኝ፣ አባባ? እግዜር ቀድሞ ከልክሎዎታል።»

ደንበኛዋ በሳቅ ተንፈቀፈቀች።

«የመርሕ ጉዳይ ነው!» አሉ ክቡር ዊቤ።

«እሺ፣ መርሑን ልንገርዎት። የመጀመሪያ ሥራዬ ቢሮ ውስጥ እንግዳ መቀበል ነበር። ይህንኑ ሹሩባ ተሠርቼ ብገባ አለቃዬ ‹ሂጂና ፀጉርሽን ሥርዓት አስይዘሽ ነይ› አለኝ። ወር ሳይሞላ የገዛ ልጁ ከስፔን ባሕር ዳር ያንኑ ተሠርታ መጣች። ‹አቤት ውበት!› ተባለላት። ልጅቷን አልተቀየምኳትም። ሹሩባውም ጥሩ ነበር፣ እርግጥ ሰካራም ያረሰው ይመስላል። እኔ ግን ያን ቀን ባቡር ውስጥ እያለቀስኩ ነው ቤቴ የገባሁት። በቃ፣ ክርክሩ ይኸው ነው።»

ክቡር ዊቤ ለክርክር ያነሡትን ጣት፣ መርከብ ካለፈ በኋላ ድልድይ እንደሚያወርዱ ሁሉ፣ ቀስ ብለው አወረዱ። «ባለጌ አለቃ ነው» አሉ በመጨረሻ። በሩን ከፍተው ሲወጡ ግን አመል ያወጣል ከመሐል እንዲሉ፣ «ቢሆንም ዛሬማ ምንም ማለት አይቻልም» ማለታቸው አልቀረም።

ከዓረፍተ ነገሯ ሌላ አንዲት ቃል ደግሞ ነበረቻቸው። ላዩ ቸኮሌት፣ ውስጡ ነጭ አረፋ የሆነውን ጣፋጭ አብዝተው ይወዳሉ፤ የድሮ ስሙ ጥቁር ሰውን ከሚያዋርድ ስድብ የተሠራ ነው። ፋብሪካው ያን ስም ከካርቶኑ ላይ ከፋቀ ዘመን አልፎታል። ክቡርነታቸው ግን «ስሙን እኔ አላወጣሁለትም፤ እኔም አልሽረውም» ብለው በአዋጅ አጸኑት።

ከዚያ በኋላ የልጅ ልጃቸው ራይሳ፣ ገና የሰባት ዓመት ልጅ፣ ከትምህርት ቤት ኩምትር ብላ መጣች። አንድ ልጅ በጣፋጩ የድሮ ስም ጠርቷት ኖሯል። «እማዬ፣ ፀጉሬን ቁረጪልኝ» አለች።

ኦርሲን ያን ዕለት ትዕግሥቷን ቤቷ ትታ ወደ አማቷ ሄደች። «አባባ፣ ለልደትዎ እንመጣለን። ያቺ ቃል ራይሳ ፊት አንዲት ጊዜ ብትነሣ ግን ካፖርቷን አልብሼያት እወጣለሁ። ሁለተኛም አያዩዋትም።»

ሰባ አምስተኛው ልደት ደረሰ። ወንበሮች በክብ ተደረደሩ፤ እንግዳው ሁሉ እንደ ሆላንድ ወግ እየዞረ «እንኳን ለአማትሽ ልደት አደረሰሽ»፣ «እንኳን ለጎረቤትህ ልደት አደረሰህ» እየተባባለ ተጨባበጠ። ሁሉም ጉልበቱ ላይ ሳሕኑን አስቀምጦ ዝናቡን አማ። ራይሳ የሹሩባዋን ጨሌዎች እያንቃጨለች በአያቷ እግር ሥር ተቀመጠች።

ክቡር ዊቤ ካርቶኑን ይዘው ከወጥ ቤት ብቅ አሉ። አፋቸው በልማዱ ተከፈተ። ኦርሲን ሹካዋን አስቀመጠች።

«ይሄ... ይሄ...» አሉ፤ ግንባራቸው ላብ አቸፈቸፈ። «ይሄ ድቡልቡሉ ቀርቧል። ብሉ!»

«ድቡልቡሉ?» አለ ከጎን የሚኖረው ባውኬ፣ የዘመናት የካርታ ጓደኛቸው። «ስሙ ጠፋህ እንዴ፣ ሽማግሌው?» ቃሏንም በሙሉ ድምፁ ጠራት። ጠርቶም አላበቃም፤ እጁን ወደ ራይሳ ፀጉር ሰድዶ «አንዷማ እዚህ ቁጭ ብላ የለም እንዴ!» እያለ ነካካው።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ልጅቷ አያቷን ቀና ብላ አየች። ኦርሲን ተነሥታ ወደ መተላለፊያው ሄደች፤ የራይሳን ካፖርት ስታወርድ ግን አንድ ሌላ እጅ ቀድሟት ሌላ ካፖርት ከመስቀያው አውርዶ ነበር። ክቡር ዊቤ ያወረዱት የባውኬን ነው።

ሁለተኛው ቡና ሳይቀዳ እንግዳ ማስወጣት በሐርሊንገን ታሪክ ያልተሰማ ነውር ነው። ክቡ ሁሉ ማላመጥ አቆመ።

«ምነው ዊቤ፣ ቀልድ እኮ ነው!» አለ ባውኬ፣ ካፖርቱ ደረቱ ላይ ተጥሎበት። «ዛሬ ምንም ማለት አይቻልም እያልክ ስታደነቁረን የኖርከው ራስህ አይደለህም?»

ኦርሲን የልጇን ካፖርት መልሳ ሰቀለች። ክቡር ዊቤም የውጭውን በር ወለል አድርገው ከፈቱና እንዲህ አሉ፦

«አዎን፣ ብያለሁ! ምንም ማለት አይቻልም እያልኩ ዕድሜ ልኬን ስነግርህ ጆሮህን የት ጥለኸው ነበር? አይቻልም አልኩህ፣ አይቻልም! ኮፍያህን እንዳትረሳ።»